የእህል ሐውልትና የእህል ቃል ኪዳን፦ ከሮማዊቷ ሴሬስ እስከ ሐረር የአሹራ ገንፎ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ የጥንት ሮማውያን የእርሻ አምላክ የነበረችው ሴሬስ በሕዝብ ስፍራ በሐውልት መልክ መቆሟ ምን ትርጉም እንደነበረው ይመረምራል፤ የተገኘውንም ትርጉም በሐረርና በዙሪያዋ ካለው ልማድ ጋር ያነጻጽራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሴሬስ ምስል በመነሻው ጌጥ ሳይሆን በአራሹና እህሉን በሚያዝዘው ወገን መካከል ያለው ግዴታ ምስክር ነበረ የሚል ነው። ምስሉ ወደ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ሲገባ ውበቱን ይዞ ግዴታውን ጥሏል። በሐረር ዙሪያ ይኸው ግዴታ የተገለጸው በድንጋይ ወይም በነሐስ ሳይሆን በሥርዓት ነው፤ ለዚህም የአሹራ ገንፎ ዋና ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። በመጨረሻም በድሬ ጠያራና በመሰል ወረዳዎች ለእርሻ መታሰቢያ የሚሆን የሕዝብ ስፍራ ቢታሰብ ሊመዘንባቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ ሴሬስ፣ ሐውልት፣ የሕዝብ መናፈሻ፣ አሹራ፣ አቴቴ፣ ሐረር፣ ድሬ ጠያራ

1. መግቢያ

ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሶፊና ኤረር ይባላሉ። የስሙ ትርጉም «የአውሮፕላን ሜዳ» ነው፤ ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ሲሆን ጠያራ ከዐረብኛ የመጣ የአውሮፕላን መጠሪያ ነው። ስሙ ዘመናዊ ይሁን እንጂ የአካባቢው ኑሮ በእርሻ ላይ የቆመ ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለውዝ፣ ቡናና ጫት የሐረር ዙሪያ ገበሬ የሚደክምባቸው ሰብሎች ናቸው። ከተማይቱ የምትመገበውና የምትነግደውም በአብዛኛው ከእነዚህ ነው።

በከተማይቱ አደባባዮች በስፋት የታወቁት መታሰቢያዎች ግን ከእርሻ ጋር የተያያዙ አይደሉም። ክሮኤሺያዊው ቀራፂ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠሩት የራስ መኰንን ሐውልት በፈረስ ላይ የተቀመጠ ገዢን ያሳይ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተነሣው ሁከትም ከቆመበት ወድቋል። በፈረስ መጋላ የቆመው መታሰቢያ ደግሞ በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ያስታውሳል። አንዱ የገዢ፣ ሌላው የሰማዕት መታሰቢያ መሆኑ ነው። ሁለቱም በሚወክሉት ታሪክ ላይ የሚነሣው ክርክር የታወቀ ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላ ነጥብ ነው፦ የሕዝብ አደባባይ የገዛውንና የሞተውን ሲዘክር የሚያበላውን በምን መልክ ይዘክራል?

ለዚህ ጥያቄ በሌላው ዓለም ከተሰጡት መልሶች በዕድሜ ከሚቀድሙት አንዱ የሴሬስ ሐውልት ነው። የስንዴ ዛላ የያዘች፣ በራስዋ ላይ የእህል ጉንጉን የደፋች ሴት ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ መናፈሻዎች፣ ፏፏቴዎችና የሕንፃ ጉልላቶች ላይ ትታያለች። ይህች ምስል ወደ ሌላ አገር አደባባይ ልትወሰድ የምትችል አርአያ መሆኗ ከመመዘኑ በፊት፣ በተፈጠረችበት ከተማ ምን ሥራ ትሠራ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

2. የሮም ሴሬስ፦ ረሃብ፣ መሬትና ነሐስ

እንደ ሮማውያን ትውፊት፣ የሴሬስ ቤተ መቅደስ የተሳለው በረሃብ ጊዜ ነው። በ496 ቅ.ል.ክ. እህል በጠፋበት ወቅት የጦር አዛዡ አውሉስ ፖስቱሚየስ ለሴሬስ፣ ለሊበርና ለሊበራ ቤተ መቅደስ ሊሠራ ተሳለ። ቤቱም በ493 ቅ.ል.ክ. በአቬንቲን ኮረብታ አጠገብ ተመረቀ። በዚያው ዘመን የሮም ተራ ሕዝብ በዕዳና በመሬት እጦት ተማርሮ ከተማውን ለቅቆ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰውም የራሱን ጠበቆች የመሾም መብት ካገኘ በኋላ ነው። የሴሬስ ቤትም የዚህ ሕዝብ መሰብሰቢያ ሆነ። በ449 ቅ.ል.ክ. በወጣው ደንብ መሠረት የመማክርቱ ውሳኔዎች እንዳይሰወሩና እንዳይለወጡ በዚህ ቤተ መቅደስ እንዲቀመጡ ተደረገ። የሕዝቡን ጠበቆች የደፈረ ሰው ንብረቱ የሚሸጠውም ለዚሁ ቤት ነበር። የከተማውን የእህል አቅርቦት የሚከታተሉት ሹማምንት፣ ኤዲል የሚባሉት፣ ከዚሁ ቤት ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። እንግዲህ የሴሬስ ቤት የጸሎት ስፍራ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ቤትም የእህል ጉዳይ ቢሮም ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሐውልት ታሪክ ይህን ትርጉም ያጠነክራል። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በሮም ከነሐስ የተሠራው የመጀመሪያ ምስል የሴሬስ እንደነበረ ይናገራል፤ ወጪውም የተሸፈነው ከስፑሪየስ ካሲየስ ንብረት ነው። ካሲየስ በ493 ቅ.ል.ክ. ቤተ መቅደሱን የመረቀ ባለሥልጣን ነበር። በ486 ቅ.ል.ክ. የሕዝብ መሬት ለድሆች እንዲከፋፈል ሕግ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት ንጉሥ ሊሆን ይመኛል ተብሎ ተከሰሰና ተገደለ። አንደኛው የታሪኩ ቅጂ የገደለው የገዛ አባቱ እንደሆነ ይተርካል። ንብረቱም ለሴሬስ ተሰጥቶ ምስሏ ተሠራበት።

የዚህ ታሪክ ዝርዝር ከጊዜ በኋላ የተቀነባበረ ሊሆን እንደሚችል የዘመኑ ተመራማሪዎች ያስገነዝባሉ። ሆኖም ሮማውያን ስለ ራሳቸው የተረኩት መሆኑ ብቻውን ትልቅ ነገር ይናገራል። በእነርሱ ትዝታ የመጀመሪያው የነሐስ ሐውልት የተሠራው መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ በጠየቀና በዚህም በሞተ ሰው ሀብት ነው። ገዳዮቹ ምስሉን ያቆሙት ለማስታረቅም ይሁን ለማስፈራራት፣ ነሐሱ የመሬትን ጥያቄ በውስጡ ተሸክሟል።

ጥያቄው በሌላም ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። በ133 ቅ.ል.ክ. ጢባርዮስ ግራኩስ የመሬት ክፍፍል ሕግ በማውጣቱ በተገደለ ጊዜ፣ ሮማውያን የተቀደሱ መጻሕፍታቸውን አማክረው «ጥንታዊቷን ሴሬስ» ለማስታረቅ ወደ ሲሲሊ፣ ሔና ወደተባለች ከተማ ካህናት ላኩ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ የሲሲሊ ገዥ የነበረው ቬሬስ ከዚያችው ከተማ የሴሬስን ምስል ዘረፈ። ሲሴሮ በ70 ቅ.ል.ክ. በከሰሰው ጊዜ ሁለት ወንጀሎችን ጎን ለጎን አቀረበ፦ ቬሬስ የእህል አምላክን ምስል ወስዷል፤ የእህል አስራት ሰብሳቢዎቹም ገበሬውን ከማሳው እስኪሰደድ ድረስ አራቁተውታል። ለሲሴሮ አድማጮች ሁለቱ የተለያዩ ወንጀሎች አልነበሩም። ምስሉን የነካ እጅና አስራቱን ያበዛ እጅ አንድ ነበር።

3. ሐውልቱ ከማሳ ወደ አትክልት ስፍራ

ከጥንቱ ሃይማኖት መጥፋት በኋላ ሴሬስ በአውሮፓ የኪነ ጥበብ ቋንቋ ውስጥ ምሳሌ ሆና ቀጠለች። ለዚህ የታወቀው ማሳያ በፈረንሳይ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ያለው የሴሬስ ፏፏቴ ነው። ቶማ ረኞዳን በ1670ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ይህ ምስል በወርቅ ቀለም ተለብጦ በነዶዎች መካከል ተቀምጧል። ፏፏቴው ወቅቶችን ከሚወክሉ አራት ፏፏቴዎች አንዱ ሲሆን ሴሬስ በዚያ የበጋ ምልክት ናት። ረሃብን፣ ሕግንም፣ አስራትንም አታስታውስም። በ1693 እና 1694 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይን የመታው ረሃብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲፈጅ ይህች ምስል በፏፏቴው መካከል እንዳለች ነበረች። ከሮም የወረሰችው ዛላውን ነው፤ መዝገቡን አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሕንፃ ጉልላት ይገኛል። በቺካጎ የእህል ገበያ ሕንፃ ላይ በ1930 እ.ኤ.አ. የቆመችው፣ ጆን ስቶርስ ከአሉሚኒየም የሠራት ሴሬስ ዘጠኝ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ የፊቷ ዝርዝር ግን አልተቀረጸም። ከታች ይሰበሰቡ የነበሩት የእህል ዋጋ የሚወስኑ ነጋዴዎች ሲሆኑ ገበሬው ከዚያ ሩቅ ነበር። እዚህ አምላኳ የምትጠብቀው ማሳውን ሳይሆን ገበያውን ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ግን በተቃራኒው ይሄዳል። በግሪክ አገር ኤሌዎሲስ በተባለ ስፍራ፣ የሴሬስ አቻ የሆነችው የዴሜጥር ጥንታዊ መቅደስ በነበረበት መንደር፣ አንድ የተጎዳ የእብነ በረድ ምስል እስከ አንገቱ በፍግ ተከብቦ ቆሞ ነበር። መንደርተኞቹ ክርስቲያኖች ቢሆኑም ምስሉ የማሳቸው ጠባቂ እንደሆነ ያምኑ ነበር። በ1801 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ዳንኤል ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ከኦቶማን ሹም ፈቃድ አግኝቶ ወሰደው። ሊነሣ ሲል አንድ በሬ መጥቶ ምስሉን በቀንዱ ስለወጋው ገበሬዎቹ ምርታችን ሊጠፋ ነው ብለው ተሸበሩ። ምስሉን የጫነችው መርከብ በ1802 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዳርቻ ተሰበረች፤ ምስሉ ግን ተርፎ ዛሬ በካምብሪጅ ፊትዝዊልያም ሙዚየም ይገኛል። ኋላ በተደረገው ምርመራም የአምላኳ ምስል ሳይሆን በራሱ ላይ የተቀደሰ ሙዳይ የተሸከመ፣ ለሕንፃ ምሰሶነት የተሠራ የሴት ቅርጽ መሆኑ ተለየ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛ፣ ገበሬዎቹ በምስሉ ማንነት ቢሳሳቱም በሥራው አልተሳሳቱም፤ ለእነርሱ ምስሉ የመሬቱ አካል ነበር። ሁለተኛ፣ ምስሉ በተመራማሪ ዓይን ትክክለኛ ስሙን ያገኘው ሥራውን ካጣ በኋላ ነው። በቬርሳይ ስም አለ፣ ሥራ የለም፤ በኤሌዎሲስ ሥራ ነበረ፣ ስሙ ግን ስሕተት ነበር። የሕዝብ መታሰቢያ የሚመዘነው በስሙ ትክክለኛነት ብቻ እንዳልሆነ ይህ ንጽጽር ያሳያል።

4. ዛላ ያለ አምላክ፦ የኢትዮጵያ ቅድመ ታሪክ

ኢትዮጵያም ከዚህ የምስል ቋንቋ ፈጽማ የተለየች አልነበረችም። ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበረው ዘመን በሐውልቲና በአዲ ገላሞ የተገኙ የተቀመጡ ሴቶች ምስሎች አሉ፤ አምላክን ወይስ ባላባት ሴትን ይወክላሉ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የንጉሥ ኢዛና ቅድመ ክርስትና ጽሑፎች አስተርን፣ ብሔርንና ምድርን በአማልክትነት ይጠራሉ። ምድር ራሷ በስሟ ትከበር ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ነው። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በተቀረጹት የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በሁለት የእህል ዛላዎች ታቅፎ ይታያል። ዛላው የስንዴ ወይም የገብስ ነው ይባላል። በሮም ሳንቲሞች ላይ ዛላውን ከሚይዙት አንዷ ሴሬስ ስትሆን በአክሱም ዛላው መካከል የቆመው ንጉሡ ራሱ ነው። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ምልክት በመስቀል ተተካ፤ ዛላዎቹ ግን ከኋለኞቹ ነገሥታት ጋርም ቆዩ። ሃይማኖት ሲለወጥ ያልተለወጠው ምልክት የእህሉ ነበር። መልእክቱም ግልጽ ነው፦ ጥጋብ ከንጉሡ ነው።

ይህ አባባል እስከ ቅርብ ዘመን አስተዳደር ድረስ አሻራ ነበረው። አስራትና ሌላው የገባር ግዴታ በመሬቱ ፍሬ ላይ የሚጣል የገዢ ድርሻ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግና የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስን ይህ የድርሻ ሥርዓት በሕግ ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው የአንድ ሳንቲም ሽርፍራፊ ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ ተቀረጸ። ከንጉሡ ወደ አራሹ የተደረገው የምስል ሽግግር በአንዲት ትንሽ ሳንቲም ላይ ይነበባል። ምስሉ መለወጡ ግን በራሱ እህል አላመጣም፤ በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት የተራቡ ገበሬዎችን በቅርጽ አሳይቶ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ሲመረቅ አገሪቱ ሌላ ታላቅ ረሃብ ውስጥ ነበረች። የቬርሳይ ነገር እዚህም ተደግሟል።

5. ሐረር፦ ግንብ፣ በርና ገንፎ

የሐረር ጀጎል ግንብ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። በዚሁ ዘመን ከተማይቱን ብርቱ ረሃብና ወረርሽኝ መታት፤ አሚር ኑርም በ1567 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ሞቱ። ሮም በረሃብ ጊዜ ቤተ መቅደስ ስትሳል የሐረር ዋና መታሰቢያ ግንብና በሮች ሆኑ። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ከተማይቱን ሲጎበኝ በሮቹ ማታ ማታ ይቆለፉ እንደነበርና ቁልፎቹ ለአሚሩ ይሰጡ እንደነበር ጽፏል። እህል ወደ ከተማ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። በዙሪያው ያለው ማሳ በከፊል የከተማው ሐረሪዎች ይዞታ ሆኖ በአብዛኛው በኦሮሞ ገበሬዎች ይታረስ ነበር። በሩ እንግዲህ የከተማና የገጠር፣ የባለይዞታና የአራሽ መገናኛ ነበር። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ይህን ግንኙነትም ከሥሩ ለውጦታል።

በግንቡ ላይ ግን ከበሮቹ ሌላ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በሐረሪ ቋንቋ ዋራባ ኑዱል፣ ማለትም የጅብ ቀዳዳ ይባላሉ። ጅቦች በሌሊት በእነዚህ ገብተው የከተማውን ጥራጊ ያነሣሉ። የዚህ ጉርብትና መነሻ በአካባቢው ትውፊት እንዲህ ይነገራል፦ በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰውን መብላት ጀመሩ፤ አዋች የሚባሉት ቅዱሳን በሐኪም ተራራ ተሰብስበው መከሩ፤ ጅቦቹን ገንፎ አብልተው ቃል ኪዳን ገቡ። ይህ ቃል ኪዳን በየዓመቱ በአሹራ በዓል ይታደሳል። ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅቦች ይቀርባል፤ የመንጋው መሪ ቀምሶ ከገንፎው ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል፤ ሳይነካው ከቀረ ወይም ጠራርጎ ከበላው ረሃብ ወይም በሽታ ይመጣል ተብሎ ይታመናል።

ከሮም በዓላት ጋር ያለው ተመሳሳይነትም ልዩነትም ትምህርት ሰጪ ነው። ለሴሬስ በሚያዝያ አጋማሽ በሚከበረው በዓል ሮማውያን ጅራታቸው ላይ ችቦ የታሰረባቸው ቀበሮዎችን በስታዲየም ይለቅቁ ነበር። ባለቅኔው ኦቪድ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በአንድ ወቅት አንድ ልጅ ጭድ አስሮ ያቃጠለው ቀበሮ ሸሽቶ የደረሰ ሰብል ስላነደደ ዘሩ ሁሉ በዚህ ይቀጣል ይላል። ሮም ለእህሉ ስትል አውሬውን ታቃጥላለች፤ ሐረር ለእህሉ ስትል አውሬውን ትመግባለች። የመጀመሪያው በቀል ነው፤ ሁለተኛው ውል ነው። በአሹራው ገንፎ ውስጥ ያለው ሒሳብም ልብ ሊባል ይገባል። መልካሙ ምልክት ጅቡ ሁሉን መብላቱ አይደለም፤ በልቶ ማስተረፉ ነው። ለሌላው የሚተርፍ ድርሻ ያለበት ዓመት የጥጋብ ዓመት ይባላል። የእህል ፍትሕን በዚህ አጭር መንገድ የሚገልጽ የነሐስ ሐውልት ማግኘት ያስቸግራል።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ለጎብኚ የሚቀርበው የጅብ ማብላት ትርኢት በሥጋ የሚደረግ ነው። በቅርብ ዓመታት ለዚሁ የተሠራው የጅብ ፓርክም የከተማይቱን የቱሪዝም ገቢ እንደሚያሳድግ ይጠበቃል። ትርኢቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ ለአስጎብኚውም ለጅብ አብዪውም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ሥጋው ገንፎውን ከሸፈነው የሚቀረው አውሬው ብቻ ነው። እህሉ፣ ረሃቡና ውሉ ከትረካው ይወጣሉ። ሴሬስ ከአቬንቲን ወደ ቬርሳይ በሄደችበት መንገድ የአሹራም ቃል ኪዳን ሊሄድ ይችላል።

6. ምስል የሌለው የሴቶች ሥርዓት

የሴሬስ አምልኮ ሌላው ገጽታ የሴቶች መሆኑ ነው። ዓመታዊውን ምሥጢራዊ በዓል የሚያከብሩት ባለትዳር ሴቶች ነበሩ። በ216 ቅ.ል.ክ. ሮም በካኔ ጦርነት ብዙ ልጆቿን ባጣች ጊዜ ሐዘን ያልገባበት ቤት ስላልነበረ በዓሉ ተቋረጠ። ሐዘንተኛ ሴት ልታከብረው ስለማይፈቀድ የከተማው ሥርዓት በሴቶቹ ላይ ምን ያህል የቆመ እንደነበር በዚያን ጊዜ ታየ።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ አቴቴ የምትባለው የልምላሜና የወሊድ መንፈስ ከዚህ ጋር ትቀራረባለች። ሥርዓቱ የሴቶች ነው፤ እርጥብ ሣር፣ ቅቤ፣ ቡናና ጨሌ ይገቡበታል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው ዝናብ ሲጠፋ ለጸሎት ይወጣሉ፤ በሴት ላይ ግፍ ሲፈጸምም በዚሁ ሥርዓት ተሰብስበው ካሣ ይጠይቃሉ። የእርሻ በረከትና የመብት ጥያቄ በአንድ በትር ሥር መገኘታቸው የአቬንቲኑን ቤተ መቅደስ ያስታውሳል። ልዩነቱ አቴቴ ምስል የላትም፤ ቤተ መቅደስም የላትም። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ትገኛለች፤ ሲበተኑ ቦታው እንደ ቀድሞው ሜዳ ነው።

በእስልምናም ሆነ በክርስትና ሥር ይህ ልማድ በብዙ አካባቢ ተዳክሟል፤ ለብዙ አማኞችም የማይቀበሉት ነገር ነው። ስለዚህ አቴቴን በሐውልት አቁሞ የሴሬስ አምሳያ ማድረግ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ምስል ያልነበራትን ምስል መስጠት ባህሏን መለወጥ ነው፤ የአካባቢውንም ሙስሊም ማኅበረሰብ ስሜት ያልተገነዘበ ይሆናል። ከአቴቴ የሚወሰደው ቅርጹ ሳይሆን መርሑ ነው፦ ስለ እህል መናገር የሚችለው እህሉን የሚያዘጋጀው እጅ ነው።

7. ከንጽጽሩ የሚገኙ ሦስት ጥያቄዎች

በሐረር በቅርብ ዓመታት በተካሄደው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶች፣ አረንጓዴ ስፍራዎችና አደባባዮች ተሠርተዋል። ከተማው ወደ ገጠር ወረዳዎቹ ሲሰፋ ድሬ ጠያራን የመሰሉ ቦታዎች የከተማና የማሳ ድንበር ይሆናሉ። በዚህ ድንበር ላይ ለእርሻ የሚሆን መታሰቢያ ቢታሰብ ከላይ የተደረገው ንጽጽር ሦስት ጥያቄዎችን ያቀርባል።

የመጀመሪያው መታሰቢያው የማንን ግዴታ ይመሰክራል የሚለው ነው። የሮም ሴሬስ የመማክርቱን ውሳኔ ትጠብቅ ነበር። በሐረር ዙሪያ ከተማና ገጠር እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ዋናው ጉዳይ ውኃ ነው። ለሐረር ውኃ ያቀርብ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቋል። የከተማው ፍጆታ፣ የጫትና የአትክልት መስኖ እንዲሁም ከተራቆተው ዳገት የታጠበ ደለል በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅራቢያ በረጅም መሥመር ውኃ ለማስመጣት ተገደደች። ሐይቁ በኋላ ዳግም ውኃ ቢይዝም ትምህርቱ አልደረቀም። የውኃ ድርሻን፣ የዝናብ መጠንንና የዓመቱን ምርት በየጊዜው የሚያሳውቅ የድንጋይ ሰሌዳ፣ ከስንዴ ጉንጉን ይልቅ ለሴሬስ የመጀመሪያ ሥራ ይቀርባል።

ሁለተኛው ጥያቄ መታሰቢያው በማን ቋንቋና ሰብል ይናገራል የሚለው ነው። የስንዴ ዛላ የሜዲትራንያን ገበሬ ኑሮ ነው። የሐረር ዙሪያ ገበሬ እንጀራ ማሽላ ነው፤ ፍሬው ለገንፎና ለቂጣ፣ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። በአንድ ማሳ ላይ ከጫት ጋር ተሰባጥሮ የሚበቅለው ይኸው ማሽላ የገበሬውን ውሳኔ ሁሉ በውስጡ ይዟል፦ ስንቱ ለምግብ፣ ስንቱ ለገበያ? የውጭ ምስል ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይችልም።

ሦስተኛው ሰዎች በስፍራው ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው። በቬርሳይ ይመለከታሉ፤ በኤሌዎሲስ ፍግ ይከምራሉ፤ በአሹራ ያበላሉ። የሚታይ ብቻ የሆነ መታሰቢያ ባለቤቱ ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል፤ አንዳንዴም ይፈርሳል። የሚሠራበት ስፍራ ግን ጠባቂው ብዙ ነው። የዘር መለዋወጫ፣ የምርት ገበያ ወይም የአሹራ ገንፎ የሚቀርብበት የተከለለ ሜዳ ከማንኛውም ምስል ይልቅ በተጠቃሚው ይጠበቃል።

8. ማጠቃለያ

የሴሬስ ሐውልት ታሪክ በአደባባይ የቆመ የእህል ምስል ከመሬትና ከድርሻ ጥያቄ ተለይቶ ሊነበብ እንደማይችል ያሳያል። የመጀመሪያው ነሐስ የተቀለጠው በመሬት ክርክር ውስጥ ነው፤ የሔናው ምስል የተዘረፈው አስራቱ በበዛበት ዘመን ነው። ምስሉ ከዚህ ጥያቄ በተፋታ ጊዜ፣ እንደ ቬርሳዩ፣ በረሃብ መካከል የጥጋብ ጌጥ ሆኗል። በኢትዮጵያ ዛላው ከአክሱም ንጉሥ ጎን ቆሞ ከቆየ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አራሹ ምስል ተሸጋግሯል፤ ረሃቡ ግን በምስል አልቆመም። ሐረር ለዚሁ ጥያቄ የራሷን መልስ በገንፎ ሰጥታለች፤ መልሱም በልቶ ማስተረፍ የጥጋብ ምልክት ነው የሚል ነው።

በድሬ ጠያራም ሆነ በሌላ ወረዳ ለገበሬው የሚቆም ማንኛውም መታሰቢያ በዚህ መለኪያ ሊመዘን ይገባዋል። ከየት እንደተቀዳና ምን ያህል እንደሚያምር ከመጠየቁ በፊት፣ ከተማው ከማሳው የወሰደውን እህልና ውኃ በምን እንደሚመልስ የሚያስታውስ መሆኑ ይጠየቅ። ይህን ካደረገ ምስል ቢኖረውም ባይኖረውም የሴሬስን ሥራ ይሠራል።